ዱባው ከየት መጣ?

(በዩክሬን ምዕራብ፣ በአንዲት መንደር ዳር ያለ የአውቶቡስ ፌርማታ። የጥቅምት እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ። ሁለት ሰዎች አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ዋለንቲ ከድንበሩ ማዶ የመጣ ፖላንዳዊ ነው፤ የወተት ፋብሪካ መካኒክ፣ ሚስቱ ከሞተችበት የቆየ፣ ዛሬም የሥራ ጃኬቱን እንደለበሰ። ኦኒስኮ የዚያው ፋብሪካ ዘበኛና የዋለንቲ አበልጅ ነው፤ ጥልፍ ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጸጉሩ በቅባት ተለጥፏል። ጭኑ ላይ አንድ ትልቅ ዱባ ታቅፏል።)

ዋለንቲ፦ እኔ መቼ ዱባ አይደለም አልኩ? ስሙ ተሳስቷል ነው ያልኩት!

ኦኒስኮ፦ ዱባ እንዴት አድርጎ ይሳሳታል?

ዋለንቲ፦ ዱባው አይደለም የተሳሳተው፣ እናንተ ናችሁ። እናንተ ይሄን “ሃርቡዝ” ትሉታላችሁ። እኛ ዘንድ “አርቡዝ” ሐብሐብ ነው።

ኦኒስኮ፦ ታዲያ ዱባውን ምን ልትሉት ነው?

ዋለንቲ፦ “ዲኒያ” እንለዋለን።

ኦኒስኮ፦ ዲኒያማ ከርቡሽ ነው!

ዋለንቲ፦ እናንተ ዘንድ!

ኦኒስኮ፦ እና አሁን የት ነን? እኛው ዘንድ አይደለን እንዴ?

ዋለንቲ፦ ኧረ በፈጠረህ አበልጄ፣ አንዴ እንኳ ከአፍንጫህ አልፈህ እይ! አንድ ቃል ነው፣ የአንድ እናት ልጅ ነው። እኛ ቤት ሲገባ ሐብሐብ ሆነ፣ እናንተ ቤት ሲገባ ዱባ ሆነ።

ኦኒስኮ፦ ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል።

ዋለንቲ፦ ምን?

ኦኒስኮ፦ ተረት ነው። ሰው ተስማምቶህ ነገር እንዲያልቅ ስትፈልግ የምትለው።

ዋለንቲ፦ አያልቅም! አመጣጡን ሳታውቅ እንዴት ያልቃል? ቃሉ ከፋርስ ነው የተነሣው። ከፋርስ ወደ ቱርክ፣ ከቱርክ ወደ እናንተ፣ ከእናንተ ወደ እኛ። ፋርሶቹ ዘንድ ደግሞ መጀመሪያ ምን ነበር ቢሉህ፣ “የአህያ ኪያር” ነው ይላሉ።

ኦኒስኮ፦ (ዱባውን አገላብጦ እያየ) የአህያ?

ዋለንቲ፦ የአህያ።

ኦኒስኮ፦ እንግዲህ ኪያሩ ይኸው። አህያው ማን እንደሆነ ቀስ ብሎ ይታያል።

(ትራክተር ሲያልፍ ይሰማል። ጥሩንባው ሁለት ሦስቴ ይጮኻል፤ ነጂው ከት ብሎ ይስቃል። ዋለንቲ ተነሥቶ ኮፍያውን እያወዛወዘ ሰላምታ ይሰጣል።)

ዋለንቲ፦ አየኸው? እንኳን ደስ አለህ እያለኝ ነው! እንዴት ያለ ደግ ሕዝብ ነው። አታውቀውም?

ኦኒስኮ፦ ማወቅስ አውቀዋለሁ። የባለቤቴ የሆርፒና የአጎቷ ልጅ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ መንደራችን ሁሉ ይሰማል።

ዋለንቲ፦ ይስማ! የምሥራች አይደብቁም።

ኦኒስኮ፦ አበልጄ፣ ይሄ ዱባ እኮ እኛ ዘንድ...

ዋለንቲ፦ ሃርቡዝ ነው፣ ሰማሁህ። አመጣጡን ነገርኩህ።

ኦኒስኮ፦ አመጣጡን አይደለም፣ አሰጣጡን ነው የምልህ...

ዋለንቲ፦ አሰጣጡማ ያኮራል! የጓሮዋን ትልቁን ዱባ ነው መርጣ የሰጠችን። ልብ አድርግ፣ ሞትሪያ ዝም ብላ የምትሰጥ ሴት አይደለችም። ስንት ጊዜ ነው ቅዳሜ ቅዳሜ ማሯን የገዛኋት! አንድ ቀን እንኳ ምራቂ ብዬ ለምኛት ጠብ አላደረገችም። ዛሬ ግን ሽማግሌ ይዤ ብሄድ ይኸው!

ኦኒስኮ፦ አንተ ማር እኮ አትወድም።

ዋለንቲ፦ ቃር ይለቅብኛል። አልጋዬ ሥር በማር ማሰሮ ተሞልቷል፤ ጉንዳኑ ከኔ ጋር ነው የሚያድር። ግን ምን ላድርግ? አተር ብትሸጥ አተር እገዛ ነበር። (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) አበልጄ፣ ከሷ ጋር ቆሜ ሳወራ ቤቴ ባዶ መሆኑን እረሳዋለሁ። ላንተ ስለሆነ ነው የምነግርህ።

ኦኒስኮ፦ (በረጅሙ ይተነፍሳል) ያንን ነበር እኮ እዚያ ቤት ውስጥ መናገር የነበረብህ።

ዋለንቲ፦ ያልተናገርኩት ምን አለ? ስናገር አይደል እንዴ የዋልኩት?

ኦኒስኮ፦ እሱን ተወው። ገና እንደገባን “ዲቫን ላይ ቁጭ በሉ” ብትለን፣ አንተ ምን ላይ ነበር የተቀመጥከው?

ዋለንቲ፦ ዲቫን ላይ።

ኦኒስኮ፦ መሬት ላይ ነው የተቀመጥከው! ሶፋው ባዶውን ቆሞ ምንጣፉ ላይ እግርህን አጣጥፈህ ተዘረፈጥክ!

ዋለንቲ፦ በኛ ቋንቋ “ዲቫን” ምንጣፍ ነው። ሁለቱም ከአንድ ቦታ ነው የመጣው፤ መጀመሪያ የነገሥታት ሸንጎ ነበር። ኋላ ሸንጎው የሚቀመጥበት ሆነ። እናንተ መቀመጫውን ወሰዳችሁ፣ እኛ ከሥሩ የተነጠፈውን።

ኦኒስኮ፦ እዚህ አገር ስትኖር ይሄ ስንተኛ ዓመትህ ነው፣ ሶፋ መሆኑን አታውቅም?

ዋለንቲ፦ አሳምሬ አውቃለሁ! የተቀመጥኩት ላስረዳት ብዬ ነው።

ኦኒስኮ፦ ድመቷ እንኳ ደንግጣ ወጣች እኮ። እሺ፣ ንግግሩስ? ሽማግሌው ማን ነበር?

ዋለንቲ፦ አንተ።

ኦኒስኮ፦ እኔ! በደንቡ መሠረት ከአባቴ እንደሰማሁት፣ “እኛ አዳኞች ነን፣ የአንዲት የምታምር አውሬ ዱካ ተከትለን መጣን፤ ዱካው ማር ወዳለበት ደጅ አደረሰን” ብዬ ጀመርኩ። ማር ላይ ስደርስ ዘለህ ከአፌ ነጠቅከኝ!

ዋለንቲ፦ ማር ካልክ በኋላ ድብ ሳይነሣ ሊታለፍ ነው? የናንተን ብትወስድ፣ የኛን ብትወስድ፣ የሩሲያውን ብትወስድ፣ የድብ ስም ሥሩ “ማር በሊታ” ነው። ድሮ ሰው እውነተኛ ስሙን መጥራት ስለሚፈራ ነው ይባላል። ይሄን የመሰለ ነገር እንዴት ይዘለላል?

ኦኒስኮ፦ ለጋብቻ የተጠየቀች ሴት ፊት ስለ ድብ ይወራል? ሴትዮዋ ደግሞ ትንሽ ወፈር ያለች ናት! ጎኗን ስትዳስስ አይቻለሁ።

ዋለንቲ፦ (ትንሽ ደንገጥ ብሎ) ጎኗን?

ኦኒስኮ፦ በሁለት እጇ። ከዚያ በኋላ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ቃሌን እያረምክ አስቸገርከኝ። “ዳቦ” ስል፣ ዳቦ የሚለው ቃል ከጀርመኖች ነው የመጣው። “ቤት” ስል፣ ቤት እንዲህ ነበር። እኔም ብዙ ወሬ በአህያ አይጫንም ብዬ አፌን ዘጋሁ። በሩ ሥር ሄጄ ቆምኩ። ኮፍያዬን እያሽከረከርኩ አንገቴን ደፋሁ፣ ላብ በላብ ሆንኩ።

ዋለንቲ፦ እኔም ሥራው እንዳይጓደል ብዬ ለወጉ ያመጣነውን ዳቦ ይዤ ንግግሩን ጨረስኩልህ። ደንቡን አላውቅም እንዳትል፣ “አዳኛችን” እያልኩ ነው የጨረስኩት። ሰው ራሱን በራሱ አያሞግስም አይደል? “አዳኛችን ልበ ቅን ነው፣ አዳኛችን ብቸኛ ነው፣ አዳኛችን ማር የምትሸጪበት ያማረ ስክሌፕ ይሠራልሻል” አልኳት።

ኦኒስኮ፦ እሱን ስትል ነው እኔ መሞት ያማረኝ! እኛ ዘንድ “ስክሌፕ” ምን እንደሆነ ታውቃለህ?

ዋለንቲ፦ የመቃብር ቤት። አውቃለሁ። እኛ ዘንድ ግን ሱቅ ነው። ድሮ ቅስት ጣሪያ ያለው ምድር ቤት ነበር፤ የኛ ሰዎች ዕቃ ሸጡበት፣ የናንተ ሰዎች ሬሳ አኖሩበት። እኔ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?

ኦኒስኮ፦ ባሏን ለቀበረች ሴት የመቃብር ቤት እሠራልሻለሁ ብለህ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው ትላለህ?

ዋለንቲ፦ አስረድቻታለሁ እኮ!

ኦኒስኮ፦ ካስረዳሃትማ በኋላ ነው ዱባውን ልታመጣ የወጣችው!

ዋለንቲ፦ ይኸውልህ! ገብቷት ነዋ!

(ሁለት ሴቶች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ያልፋሉ። ዱባውን ያያሉ፣ ይተያያሉ፣ በነጠላ ጫፍ እንደሚሸፍን ሰው አፋቸውን በሻርፓቸው ይዘው እየተንፈቀፈቁ ይሄዳሉ። ዋለንቲ እጅ ይነሣል።)

ኦኒስኮ፦ ቁጭ በል አበልጄ። ቁጭ በልና የምነግርህን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከየት መጣ ሳትል ስማኝ። ሴት እሺ ስትል ለሽማግሌው ጥልፍ ፎጣ ታስርለታለች። እምቢ ስትል ዱባ ትሰጣለች።

ዋለንቲ፦ (ይስቃል) ተው እንጂ! እምቢማ አላለችም። እምቢ ሲሉ እንዴት እንደሆነ እኔ አላውቅም?

ኦኒስኮ፦ እንዴት ነው?

ዋለንቲ፦ ጥቁር ሾርባ ነዋ! የዳክዬ ደም ያለበት። የአያቴ ወንድም አንድ ሳህን ጥቁር ሾርባ ቀርቦለት፣ ሳይቀምሰው ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ፤ እስኪሞት ሾርባ አልበላም። እኔም ሞትሪያ ሾርባ ስታመጣ ልቤ ስንጥቅ ብሎ ነበር። በማንኪያ አማሰልኩት፣ ወደ መስኮቱ አዙሬ አየሁት። ቀይ! የቀይ ሥር ሾርባ! ሁለት ሳህን በላሁ።

ኦኒስኮ፦ እኔ ደግሞ ምን ነክቶት ነው ዝንብ የገባበት ይመስል ሾርባ የሚያገላብጠው ስል ነበር።

ዋለንቲ፦ ስለዚህ እምቢ አላለችም።

ኦኒስኮ፦ አበልጄ፣ ያለኸው የት ነው?

ዋለንቲ፦ (ዱባውን ያያል። ትራክተሩ የሄደበትን፣ ሴቶቹ የሄዱበትን ያያል።) እናንተ ዘንድ።

ኦኒስኮ፦ እኛ ዘንድ ሾርባ ሾርባ ነው፤ ለጠላትም ይሰጣል። ዱባ ግን እምቢ ነው። ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።

ዋለንቲ፦ ያ ሁሉ ሳቅ...

ኦኒስኮ፦ እንኳን ደስ አለህ አይደለም።

ዋለንቲ፦ አንተስ እስከ አሁን ለምን አትነግረኝም?

ኦኒስኮ፦ ስንት ጊዜ ጀመርኩ! ፋርስ ድረስ ሄደህ እንዴት ልድረስብህ? (ሳቁ ያመልጠዋል) ይቅርታ አበልጄ፣ ልስቅብህ አይደለም። ግን እስቲ አስበው፣ ዱባ ተሰጥቶት ኮፍያ የሚያውለበልብ ሰው በዓለም ላይ ታይቶ ይታወቃል? የቃል አመጣጥ፣ የቃል አመጣጥ! ላም ባልዋለበት ኩበት ስትለቅም ሚስት አመለጠችህ! እኔ ሞኙ ኦኒስኮ ሆርፒናን ስጠይቅ ለሽማግሌዬ ፎጣ ነው የታሰረለት። አንድም ቃል አላወራሁ። ዝም ብዬ በሩ ሥር ቆምኩ፣ ኮፍያዬን አሽከረከርኩ፣ አለቀ። ወንድ ለጋብቻ ሲሄድ እንዲያ ነው!

ዋለንቲ፦ (እጁን ዘርግቶ) ስጠኝ።

ኦኒስኮ፦ ምኑን?

ዋለንቲ፦ ዱባውን። የኔ ነው፤ አንተ ለምን ትሸከመዋለህ? (ተቀብሎ ይታቀፈዋል) ይከብዳል።

ኦኒስኮ፦ ይከብዳል።

ዋለንቲ፦ ቅዳሜ ምን ልሆን ነው፣ ኦኒስኮ? ሳምንቱን ሙሉ ማሽን እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ፤ ማታ ማታ ለሷ የምነግራትን ቃል እመርጣለሁ። እሷ ካልሰማችኝ ቃሉ ከየትም ቢመጣ ምን ያደርግልኛል?

ኦኒስኮ፦ (ሳቁ ይጠፋል) አይዞህ አበልጄ። አይዞህ። ሆርፒና ከዱባው ገንፎ ትሠራልናለች።

(ሞትሪያ በብስክሌት ትደርሳለች። አምሳን ያለፈች፣ ጉንጯ የቀላ፣ ፊቷ የተቆጣ ሴት ናት። ከብስክሌቱ ቅርጫት በጥልፍ ፎጣ የተጠቀለለ ዳቦ ታወጣለች።)

ሞትሪያ፦ ዳቦዎን ረስተዋል፣ አቶ ዋለንቲ።

ዋለንቲ፦ ወይዘሮ ሞትሪያ...

ሞትሪያ፦ ከእንግዲህ ማር ሲያምርዎ ሌላ ገበያ ይሂዱ። እኔ የሰው መጫወቻ አይደለሁም።

ኦኒስኮ፦ እትዬ፣ በቃ እምቢ ብለዋል፣ ዱባውንም ሰጥተዋል፤ ሰውየው አዝኗል፣ አሁን ደግሞ...

ሞትሪያ፦ አንተ ዝም በል! አንገት ደፊ አገር አጥፊ! ዱባውን ሰጥቼህም ታፍራለህ ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ለሌላ ሰው አሸከምከው?

ኦኒስኮ፦ ማ? እኔ?

ሞትሪያ፦ ታዲያ ለማን ነው የሰጠሁት? ያስታቀፍኩት ማንን ነው?

ኦኒስኮ፦ እኔንማ ነው፤ ግን እኔ እኮ ሽማግሌው ነኝ!

ሞትሪያ፦ ሽማግሌ! አንድ ቃል ሳይተነፍስ በሩ ሥር ተገትሮ ኮፍያውን የሚያሽከረክር ሽማግሌ የት አገር ነው ያለው? ሸሚዙ ተተኩሶ፣ ጸጉሩ ተቀባብቶ፣ ላብ በላብ ሆኖ! ልጠይቅ የመጣ ወንድ ምን እንደሚመስል አላውቅም? ሽማግሌማ ይኸውልህ፣ ዳቦ የያዘው፣ ሲናገር የዋለው! (ወደ ዋለንቲ ዞራ፣ ድምፅዋ እየተሰበረ) አንተም አንተ ነህ! ማር አልበላም እያለ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ማር ሲገዛ ሴት ምን ታስባለች? ዳቦ ይዛችሁ ስትመጡ በመስኮት ሳይ፣ ፎጣውን ከሣጥኔ አወጣሁ። ለካስ የመጣኸው ለራስህ አይደለም! “አዳኛችን ልበ ቅን ነው፣ አዳኛችን ብቸኛ ነው” ትለኛለህ። አዳኙን ዞር ብዬ ባየው ይሄ! ሊቀብረኝም የመቃብር ቤት እየሠራ ነው! ንድድ ብሎኝ ትልቁን ዱባ ቆረጥኩ።

ኦኒስኮ፦ እኔ እኮ ሚስት አለኝ!

ሞትሪያ፦ ሚስትም አለው?! ጉድ!

(ዋለንቲ ዱባውን አግዳሚው ላይ ያስቀምጣል። ኮፍያውን ያወልቃል። አንገቱን ደፍቶ በሁለት እጁ ያሽከረክረዋል።)

ሞትሪያ፦ ምነው ዝም አልክ?

(ዋለንቲ ያሽከረክራል።)

ኦኒስኮ፦ ተናገር እንጂ አበልጄ! አሁን ነው እንጂ መናገር!

(ዋለንቲ ጆሮው ድረስ ይቀላል። ያሽከረክራል።)

ሞትሪያ፦ (እያየችው፣ ፊቷ ቀስ በቀስ ይፈታል) ኧረ ተወው። አሁን ገና ለራሱ የመጣ ሰው መሰለ። (ዳቦውን ትፈታና ፎጣውን ታነሣለች) ደንቡ ፎጣው ለሽማግሌው ነበር። ይሄ ሽማግሌ ግን ምን ሠራና ይሸለማል? (ፎጣውን ዋለንቲ ትከሻ ላይ አዙራ ታስራለች) ሁለተኛ ምንጣፍ ላይ ትቀመጥና ታያለህ።

ዋለንቲ፦ (በቀጭን ድምፅ) ሶፋ ላይ።

ሞትሪያ፦ እንደሱ ነው። ና፣ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ። ደግሞ ዱባውን ለባለቤቱ መልስ።

(ዋለንቲ ዱባውን አንሥቶ ኦኒስኮ ጭን ላይ ያስቀምጥለታል።)

ኦኒስኮ፦ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! አበልጄ፣ ውሰድልኝ! እትዬ፣ እዚያው ጓሮዎ ይመልሱት!

ሞትሪያ፦ የተሰጠ ዱባ አይመለስም።

ኦኒስኮ፦ እንግዲያው እዚሁ አግዳሚው ሥር ጥየው እሄዳለሁ... ኧረ ጉዴ! ትራክተሩ! የሆርፒና የአጎት ልጅ! እኔ ጭን ላይ ነው እኮ ያየው! ብጥለውስ ምን ሊጠቅመኝ!

(አውቶቡሱ ይመጣል። ተሳፋሪዎች በመስኮት ዱባውን አይተው ሲንጫጩ ይሰማል። ዋለንቲ ፎጣውን እንደታሰረ ብስክሌቱን እየገፋላት ከሞትሪያ ጋር ይሄዳል፤ ዘወር ይላል፤ ምላሱ ተመልሶለታል።)

ዋለንቲ፦ አበልጄ፣ አትጨነቅ! ሆርፒና ከጠየቀችህ የነገርኩህን ንገራት! ከፋርስ ወደ ቱርክ፣ ከቱርክ...

ኦኒስኮ፦ (በአውቶቡሱ ደረጃ ላይ፣ ዱባውን እንደታቀፈ) ዝም በል አንተ ሰውዬ! እሷ የምትጠይቀኝ ቃሉ ከየት መጣ ብላ መሰለህ? ዱባው ከየት መጣ ብላ ነው!